አማቴን ከነዓይናቸው ወደ ሸኮ

ባለቤቴ ትዕግስት የሸኮ ልጅ ናት። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ እኔ ግን እስካለፈው ግንቦት ድረስ አገሯን ረግጬው አላውቅም ነበር። በየዓመቱ "ዘንድሮ እንሄዳለን" እላለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣል። በመጨረሻ ስሄድም ለጉብኝት አልሄድኩም። ስለዚያ አገር ጫካና ቡና ብዙ እንዳወራችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከመንገዱ ይልቅ አብዝቼ ያየሁት የገዛ መኪናዬን ውስጥ ነው።

አማቴ ወይዘሮ ማርታ ይባላሉ። የግራ ዓይናቸው ከብዙ ዘመን በፊት ቡና ሲለቅሙ በቅርንጫፍ ተወግቶ ጠፍቷል። የቀኙም ቀስ በቀስ ጭጋግ ለበሰና የሰው ፊት መለየት አቃታቸው። አዲስ አበባ አመጣናቸው፣ ተራ ጠበቅን፣ ከሞተ ሰው የተለገሰ የዓይን ብሌን ተተከለላቸው። ሁለት ወር እኛ ዘንድ ከቆዩ በኋላ ሐኪማቸው "አሁን አገርዎ መግባት ይችላሉ" ሲላቸው እጃቸውን ዘርግተው ጌታን አመሰገኑ። እኔ ግን የሰማሁት ቀጥሎ ያለውን ነበር።

"ስፌቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ጭንቅላታቸው እንዳይመታ፣ ጎንበስ እንዳይሉ፣ አቧራና ጭስ እንዳይነካቸው። ይህችን ጠብታ ቀን ቀን በየአራት ሰዓቱ ሳታስተጓጉሉ ጨምሩላቸው። ሰውነታቸው አዲሱን ብሌን እንዳይገፋው የምታደርገው እሷ ናት።"

ጠብታዋን ለማግኘት አዲስ አበባን ሁለት ቀን ዞሬያለሁ። የተገኘው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። ትዕግስት ደግሞ ከወለደች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ስለነበር መንገዱን አልቻለችውም። ስለዚህ የተጓዝነው እኔና አማቴ ብቻችንን ነን።

አንደኛው ቀን

መኪናዋን አምና ከሰው እጅ ነው የገዛናት። የቤተሰብ መኪና ናት፤ ከኋላ ሰፊ የዕቃ መጫኛ አላት። ጥቃቅን ጉድለቶቿን ከተማ ውስጥ እየሳቅን ነበር የምናልፋቸው። የኋላ በሯን ደግፈው የሚያቆሙት ሁለት ምሰሶዎች ደክመዋል፤ ከፍተህ ትንሽ ስትዘናጋ ከላይ ይወርድብሃል። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ ድጋፍ አድርጌላታለሁ። የዚያን ዕለት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ዕቃ ስጭን ፍራሹ እንጨቱን ገፋውና በሩ አናቴ ላይ አረፈ። ሕመሙ ምንም አይደለም። ግን ወዲያው አማቴ ከኋላዬ ቆመው ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጠላቴ መሰለኝ። የኋላ ወንበር ላይ እንዳላስቀምጣቸው በሩ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ሲገቡ ይመታቸዋል። ከፊት አስቀመጥኳቸው። የፊት ወንበሩ የራስ መደገፊያ ደግሞ ወደ ፊት ያጎነበሰ ስለሆነ አንገታቸውን ገፋው። ነቅዬ ገልብጬ መለስኩት። እንዲህ ሆኖ ከኋላ መኪና ቢገጨንስ? እንደገና ነቅዬ እንደነበረው አደረግሁት። በመጨረሻ ትዕግስት ሕፃኑን እንዳቀፈች ወጥታ ጋቢዋን አጣጥፋ ከጀርባቸው ሰካችላቸውና አንገታቸው ቀና አለ።

"አሁን ሂዱ፤ እስኪመሽ ወንበር ስትነቅል ልትውል ነው እንዴ?" አለችኝ።

ወሊሶን፣ ወልቂጤን አለፍን፤ የጊቤን ቁልቁለት ወረድን። አማቴ ዝም ብለው አሻግረው ያያሉ። እኔ ጉድጓድ እቆጥራለሁ። የዕቃ መጫኛው ክዳን በሁለት ቀጭን ክሮች ነው የተንጠለጠለው፤ መንገዱ ትንሽ ሲሻክር ቋ ቋ ይላል። እሱ ቋ ባለ ቁጥር "አመመዎት?" እላለሁ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ ላይ አማቴ "ልጄ፣ የሚጮኸው ክዳኑ ነው፤ እኔ አልጮህኩም" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከፊታችንና ከቀኝ በኩል መጣች። የፀሐይ መከላከያዋን አወረድኩላቸው። ወደ ጎን ስትዞር አጭር ናት፤ ልክ ዓይናቸው ዘንድ ስትደርስ ታልቃለች። በምትኩ መስታወት አላት፣ መስታወቱም መብራት አለው። አማቴ በጣታቸው ነካክተው "ይህን ለፀሐይ ነው የሠሩት ወይስ ለመኳኳያ?" አሉ። ነጠላቸውን በመስኮቱ መስታወት አስይዤ ጅማ ድረስ እንደ ድንኳን ጋረድኳቸው። የቀኙን ስፖኪዮ ግን አላየሁም፤ ከቀኝ የሚመጣውን በእምነት ነዳሁ ማለት ይቻላል።

ጅማ ያረፍንበት ሆቴል የሰጡን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ሴት የአማቴን ጥቁር መነጽር አየችና ምንም ሳልጠይቃት መሬት ቤት ያለውን የራሷን ማረፊያ ለቀቀችላቸው። እኛ አገር፣ ደብረ ብርሃን፣ ለእንግዳ ብርድ ልብስ ነው የሚደረበው። እዚህ ግን መስኮት ከፍተው ሙቀቱን ያስወጣሉ። ከዚያ ውጭ ደግነቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው ቀን

ከጅማ ስንወጣ ያንጠባጥብ ነበር። ጎጀብን ተሻግረን ቦንጋ እስክንደርስ ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ሆነ። ለእኔ ዛፍ ማለት ወይ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ወይ ባሕር ዛፍ። እዚህ ግን ዛፍ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሏል፣ በሱ ላይ ደግሞ ሐረግ ተጠምጥሟል። የአራት ሰዓቷን ጠብታ በሰላም ጨመርኩ። ልቤ ትንሽ አረፍ አለ።

ቦንጋን አልፈን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ስኮርታው ያለው ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ነው። ይህን የነደፈው ሰው ጎማ የሚፈነዳው ዕቃ ያልጫነ መኪና ላይ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ፍራሽ፣ ሁለት ካርቶን ሳሙና፣ የጨው ጆንያ፣ የጎረቤት ሁሉ ስጦታ፣ ሁሉም በዝናብ ውስጥ መውረድ አለበት። የመጫኛው ከንፈር ከወለሉ ከፍ ስለሚል ዕቃው አይጎተትም፤ አንድ በአንድ መነሳት አለበት። አማቴም መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ውስጥ ሊቀመጡ አይችሉም።

ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴትና ባሏ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ሮጠው መጡ። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ የኔ ካፍኛ ደግሞ ጭራሽ የለም። ባልየው ዕቃዬን በቅጠል እየሸፈነ ማውረድ ጀመረ። ሴትዮዋ አማቴን ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው እጃቸውን ያዘች።

"እናት፣ ግቢ። እሳት አለ" አለቻቸው።

እኔ ከመኪናው ሥር "ጭስ! ጭስ አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። አማቴ ዓይናቸውን አሳዩዋት። ሴትዮዋ ገባት። ዱካ አምጥታ አስቀመጠቻቸውና አንድ ትልቅ ቅጠል በሁለት እጇ ከበላያቸው ያዘች። ጎማውን እስክቀይር ድረስ እጇን አላወረደችም። እሷ ራሷ ከነልብሷ ርሳለች፤ አማቴ ላይ ግን ጠብ አላለም። ሳሙና ልሰጣቸው ብል ባልየው ሳቀና መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

ተመልሰን ስንገባ ስምንት ሰዓት አልፎ ሩብ ሆኗል። ስልኬ ለጠብታዋ ሰዓት ጮሆ ጮሆ ዝም ብሏል። በጄሪካን ውኃ እጄን በሳሙና ታጠብኩና፣ ዝናቡ ስላላባራ በእሳቸው በር በኩል ሳልዞር፣ ከሾፌሩ ወንበር ሆኜ ልጨምርላቸው ጎንበስ አልኩ። ቀኝ ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል፣ ከእኔ የራቀው ነው። የብልቃጡን ክዳን ከፈትኩ። በሁለታችን መካከል የክንድ ማሳረፊያ ሳጥን አለ፤ ክዳኑ ገጥሞ አያውቅም፣ ስትደገፈው ተስፈንጥሮ ይነሳል። በዚያች ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና ክላክስ እያስጮኸ አጠገባችን አለፈ። እኔ ደነገጥኩ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ክርኔን መታኝ፣ ብልቃጧ ከእጄ ወጣች።

በወንበራቸውና በሳጥኑ መካከል የሁለት ጣት ስፋት ያለው ክፍተት አለ። ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ ብስኩት ስንት ጊዜ በልቶብናል። እጄ እስከ አንጓው ይገባል፣ ከዚያ አያልፍም። ብልቃጧን በጣቴ ጫፍ ነካኋት። ትንሽ ገፋ ሳደርግ ተንሸራታ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር ገባች። በዝናብ ወርጄ፣ በራቸውን ከፍቼ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በስልክ መብራት አየሁ። ያየሁት የታሸገ ፕላስቲክና የሽቦ ጥቅል ብቻ ነው።

"ወንበሩን አንቀሳቅሰው" አሉኝ አማቴ።

"ካንቀሳቀስኩት ይፈጫታል፣ እማማ።"

"እንግዲያው ተወው። ሚዛን ከተማ ስንደርስ የሚያወጣት ሰው አለ።"

በዚያ መንገድ ላይ የነበረኝን ጭንቀት መግለጽ ይቸግረኛል። ጎማው በነጠረ ቁጥር ከሥራቸው አንድ ነገር ሲሰበር የሰማሁ ይመስለኛል። ቀስ ስል ሰዓቱ ይሄዳል፣ ስፈጥን መንገዱ ያናውጣቸዋል። አማቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ለዓይናቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው "ብሌኑን ለሰጠኝ ሰው ቤተሰብ ነው። ስማቸውን አላውቅም፣ እንዲሁ 'እነሱን' እላለሁ" አሉኝ።

ሚዛን ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሦስት መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ፤ ጠብታዋ የለችም። የሦስተኛው ባለሙያ "ጅማ ይገኝ ይሆናል" አለኝ። ጅማ ጠዋት የተውኩት ከተማ ነው። ወንበር የሚፈታ ሰው ስጠይቀው ጀማል የሚባል መካኒክ ጋራዥ ጠቆመኝ።

ጀማል ከጅማ አካባቢ መጥቶ ሚዛን የከረመ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው ለአማቴ ወንበር ማምጣት ነበር። ከዚያ አጎንብሶ አየ።

"አብሽር፣ አራት ብሎን ነው" አለኝ። ቀጥሎ ግን ሲያጉረመርም ሰማሁት። የኋላዎቹ ሁለቱ በፕላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ፕላስቲኩን ለማውጣት ወንበሩ ወደ ፊት መሄድ አለበት፣ ወንበሩ ደግሞ መነካት የለበትም። በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ሲፈለቅቀው እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩለት። "ወላሂ፣ ይህን የሠራው ሰውዬ ዕቃ ወድቆበት አያውቅም" አለ።

ወንበሩ ሲነሳ ሥሩ አንድ ማበጠሪያ፣ የደረቀ ብስኩት፣ የማላውቀው ሰው ቁልፍ፣ አቧራ። ብልቃጧም አለች። አልተሰበረችም። ግን ክዳን የላትም፤ አፏ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ አቧራና ፀጉር ይዟል። ከፍቼ እንደነበር በዚያ ሁሉ ጭንቀት ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። በሸሚዜ ጫፍ አፏን ጠረግሁት። ንጹሕ ሆነች፣ ቢያንስ መሰለች። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀማል ብሎን ይለቅማል። ማን ያውቃል? ዝም ብዬ ብጨምርላቸው ቀኑ እንደተለመደው ያልፋል። ሁለት ርምጃ ሄጄ ቆምኩ።

"አገኘኸው?" አሉኝ ሳይዞሩ።

"አገኘኋት፣ እማማ። ግን ተከፍታ ነው የወደቀችው። ቆሽሻለች።"

"ደግ አደረግህ የነገርከኝ። ይህ ዓይን የኔ ብቻ አይደለም።"

የጀማል ባለቤት ዘይነባ የምታውቃት የዓይን ነርስ ጋ ደወለች። ነርሷ ቤቷ ቅርብ ነበርና ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች፤ በትንሽ መብራት አየቻቸው። "መሬት የነካ ጠብታ እዚህ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጣሉት" አለች ቁርጥ አድርጋ። "አንድ ቀን ቢዘል ዓለም አይጠፋም። እንዳይረዝም እንጂ። ቢቀላ፣ ቢያማቸው፣ ብዥ ቢልባቸው አደጋ ነው።" እዚያው ቆማ ደዋውላ ቴፒ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ አገኘችልን። እንዲያስቀምጡልን ነገረቻቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ።

ሆቴል ልፈልግ ስል ጀማል "መኪናህ ወንበር የላት፤ በምን ትሄዳለህ?" ብሎ ቤቱ ወሰደን። ዘይነባ ምድጃዋን ከነድስቱ አንሥታ ወደ ጓሮ አወጣች፤ ጭሱ እንዳይነካቸው ዝናብ ውስጥ ዣንጥላ ይዛ ወጡን ስታማስል አየኋት። ለትዕግስት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ከወዲያ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማል። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ "ቴፒ ከሌለ ከዚህ ፈልጌ በአውቶቡስ እልካለሁ። አንተ እራት ብላ" አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ዓይናቸውን በስልክ መብራት አየሁት። ቀልቷል? ትናንት ከነበረው ጋር ማወዳደር አልቻልኩም፤ ያየሁት ሁሉ ቀይ ይመስለኛል። ጀማል ወንበሩን መልሶ አስሯል። ዘይነባ ደግሞ በአሮጌ ሻሽ ውስጥ ጥጥ ሞልታ፣ እንደ ቋሊማ ሰፍታ፣ ያንን ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ደፈነችው። ስንት ሺህ መኪና የሠሩ ሰዎች ያላሰቡትን በአንድ ጠዋት ጨረሰችው።

የቴፒ መንገድ በሸኮ ነው የሚያልፈው። በአማቴ መንደር ደጃፍ ማለት ነው። ይህን ትናንት አላሰብኩትም። ዘመዶቻቸው ዛሬ እንደምንመጣ ሰምተው ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ወጥተዋል። ከሩቅ ዣንጥላዎችና ነጫጭ ነጠላዎች ታዩኝ። ፍሬን ያዝ አደረግሁ።

"አትቁም" አሉኝ አማቴ።

"እማማ፣ ለአንድ ደቂቃ ሰላም ብለን..."

"አንድ ደቂቃ የለም። ከቆምክ እስከ ከሰዓት አይለቁንም። ሂድ።"

መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን ሊያወዛውዙላቸው ፈለጉ። የመስኮቱ ቁልፍ በበሩ ላይ ሳይሆን ከወንበሮቹ መካከል ነው፤ እሳቸው በሩን ይዳብሳሉ። እስክጫንላቸው አልፈናቸዋል። አማቴ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ እንደለጠፉ ቀሩ። ሰዎቹ እየጮኹ ጥቂት ርምጃ ተከተሉን።

ከዚያ አማቴ በቀስታ "ቀይ ሻርፕ ያደረገችው እህቴ ናት" አሉ። "ፊቷን አየሁት። አርጅታለች።" ጉንጫቸው ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ።

ቴፒ እስክንደርስ የኔ ጭንቀት እንባው ሆነ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ብልቃጧን ሲያቀብለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "እንባ ይጎዳዋል?" የሚል ነበር። ሰውየው አማቴን አየ፣ እኔን አየ።

"እንባ አይጎዳም። ጠብታውን ያጥበዋል እንጂ። መጀመሪያ አልቅሰው ይጨርሱ፣ ከዚያ እንጨምርላቸዋለን።"

አማቴ ሳቁ። እሱ ራሱ ጨመረላቸው። ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። አጠገቡ ያለው ክሊኒክ ሐኪም አይቷቸው መቅላት የለም፣ ስፌቱ ደህና ነው አለን። ከዚያ በኋላ ቴፒ ገበያ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሙዝ በላሁ።

ወደ ሸኮ ስንመለስ ሰዉ ከመንገዱ አልተነሣም ነበር። የኋላውን በር ልከፍት ስሄድ ሦስት ሴቶች ከእኔ ቀድመው ከፈቱት። "ራሳችሁን!" ብዬ ሮጥኩና በሁለት እጄ ደግፌ ይዤ ዕቃው ወርዶ እስኪያልቅ እንደ ምሰሶ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ አማቴ ቀይ ሻርፕ ያደረገችውን ሴት ፊት በሁለት መዳፋቸው ይዘው ሲያዩ አየሁ። ረጅም ጊዜ አዩ።

ያን ዕለት የበላሁትን ቆጮና ጎደሬ፣ የተመረቅሁትን ምርቃት እንዳልዘረዝር ወረቀቴ አይበቃም። ሰባት ዓመት ሳልመጣ በመቅረቴ የወቀሰኝ አንድም ሰው የለም። ያ ከወቀሳ በላይ ከበደኝ።

አራተኛው ቀን

ወደ ቤቴ ከመነሣቴ በፊት ጠብታውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነበረብኝ። አልማዝ የምትባል የእህታቸው ልጅ አለች፤ እዚያው ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሁሉንም አሳየኋት፤ እጅ መታጠቡን፣ የብልቃጡ አፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ፣ ክዳኑን የት እንደምታስቀምጥ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ጨመረችላቸው። ጠብታዋ ልክ መሐል ላይ አረፈች። አማቴ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

"እጇ ጸጥ ያለ ነው" አልኩ፣ እንደ ማመስገን።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"የአንተ በመንገድ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉኝ። "ከጅማም በፊት። ብነግርህ ይብስብሃል ብዬ ዝም አልኩ። የጨመርክልኝ ግማሹ ጉንጬ ላይ ነው የወረደው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ዓይንዎ እኮ ነው!"

"ከባለሙያ በቀር፣ ከወለድኩት ልጅ ሌላ ዓይኔን በእጁ የነካ ሰው የለም" አሉኝ። "አንተ ፈርተህም፣ እንደ ወለድኩህ ልጅ ትነካው ነበር።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ፤ ሚዛን እስክደርስ ድረስ መኪናዋ ትጩህ አትጩህ አልሰማሁም።